ፌብሩዋሪ የካቲት አይደለም! ወሩን ማን መረጠው?

ወገን፣ በየዓመቱ ጥር ሊያልቅ ሲል አንድ ፖስት ከተፍ ይላል። በአንድ በኩል እምዬ ምኒልክ፣ በሌላ በኩል ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ መሃል ላይ የተጨበጠ ጥቁር እጅ። ከስሩ ደግሞ «ዓለም በሙሉ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ወርን በፌብሩዋሪ የሚያከብረው ለአድዋ ክብር ነው፤ ኩሩ! ሼር አድርጉ!» ይላል። ላይኩ አይጣል ነው። ኮሜንቱ ባንዲራ፣ ልብ፣ አንበሳ፣ ደግሞ ባንዲራ።

ዘንድሮም ከዚህ ከቆላ ድባም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከዲሲም «እናንተ ለምን አትለጥፉትም? ፈራችሁ?» እያላችሁ ኢንቦክሳችንን አጥለቅልቃችሁታል። አንለጥፈውም። የፈራነው ነገር የለም፤ ወሬው ውሸት ስለሆነ ነው። ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ለምን ውሸት እንደሆነ፣ ወሩንስ በእርግጥ ማን እንደመረጠው፣ ከዚያ ውስጥ ለእኛ የሚሆን ምን እንዳለ ልጻፍ። ረዘመብን የምትሉ ሴቭ አድርጉትና ማታ አንብቡት።

ከቀላሉ እንጀምር፣ ከካሌንደሩ። የአድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ነው። በፈረንጆቹ ስንት ይሆናል? ማርች 1 ቀን 1896። ማርች! ፌብሩዋሪ ባለቀ ማግስት። ከዚያ በኋላ በ1900 ፈረንጆቹ በፌብሩዋሪያቸው ላይ 29ኛዋን ቀን ሳይጨምሩ ሲቀሩ እኛ ደግሞ ጳጉሜን 6 ስላደረግን በመሃላችን አንድ ቀን ገባ፤ ስለዚህ ዛሬ የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። የኛ የካቲት የሚገባው ፌብሩዋሪ 8 ላይ ወይም በማግስቱ ነው፤ የሚወጣው ማርች 9 ነው። ሁለቱ ወሮች ጎረቤት ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። አድዋን አስቦ ወር የመረጠ ጥቁር አሜሪካዊ ቢኖር ኖሮ የሚመርጠው ማርችን ነበር። እንግዲህ ፖስቱ እዚህች ጋ ነው የሞተው። የገዛ ድላችን በፈረንጅ ስንት እንደሚውል ሳናይ «ዓለም አከበረልን» ማለት ምን ይባላል?

(ከዚህ በታች የፈረንጅ ወር ያለበት ወይም እ.ኤ.አ. ያልኩበት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሌላው በኛ።)

ታዲያ ማን መረጠው? ሰውየው ካርተር ጂ. ውድሰን ይባላል። ስሙን ያዙት፤ በእኛ መንደር ከብዙ የእግር ኳስ ተጫዋች ስም በላይ መታወቅ የሚገባው ስም ነው። በ1875 እ.ኤ.አ. ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ። እናትና አባቱ ባሪያ የነበሩ ናቸው። ልጅ ሆኖ እርሻ ላይ ነበር፤ ጎረምሳ ሲሆን ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ወርዶ ሠራ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመረው ሃያ ዓመት ሞልቶት ነው። ልብ በሉ፣ እኛ በሃያ ዓመታችን ጋዋን ልንለብስ ስንዘጋጅ ሰውየው ገና ደብተር እየያዘ ነበር። በ1912 ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዱ ቦይስ ቀጥሎ ከሃርቫርድ ዶክትሬት ያገኘ ሁለተኛው ጥቁር አሜሪካዊ እሱ ነው።

ዶክትሬቱን ይዞ ምን አደረገ? በ1915 ቺካጎ ላይ የጥቁሮችን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር አቋቋመ። በዓመቱ መጽሔት ጀመረ። ያኔ በአሜሪካ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ጥቁር ሰው ካለ ጥጥ የሚለቅም ባሪያ ሆኖ ነው፤ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም፣ ከዚያም በኋላ ምንም አልሆነ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ውድሰን ይህን መጽሐፍ በልመና እንደማይቀይረው ገባው። እናም በፌብሩዋሪ 1926 የወሩን ሁለተኛ ሳምንት «የኔግሮ ታሪክ ሳምንት» ብሎ አወጀ። ወር አይደለም፣ ሳምንት። ማንም አልፈቀደለትም፣ ማንንም አላስፈቀደም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፤ ለምን ያንን ሳምንት? በዚያ ሳምንት ውስጥ ሁለት የልደት ቀኖች ስላሉ ነው። ፌብሩዋሪ 12 የአብርሃም ሊንከን ነው፤ የባሪያ ነጻነት አዋጁን በጃንዋሪ 1863 የፈረመው ፕሬዚዳንት። ፌብሩዋሪ 14 ደግሞ የፍሬድሪክ ዳግላስ ነው፤ ባሪያ ሆኖ ተወልዶ፣ በ1838 አምልጦ፣ ማንበብ ለባሪያ በተከለከለበት አገር ራሱን አስተምሮ የዘመኑ ትልቅ ተናጋሪና ጋዜጠኛ የሆነው ሰው።

እዚህ ጋ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ይቺ ነገር ልቤን ትነካዋለች። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር። ባሪያ ልደት አይመዘገብለትም፤ የሚመዘገበው ዋጋው ነው። ስለዚህ ካደገ በኋላ ፌብሩዋሪ 14ን ራሱ መርጦ «ልደቴ ይህ ነው» አለ። እስኪ ወደ ቤታችሁ ዞር በሉ። እዚህ ደንቢያ ውስጥ ስንት አያት አለ የተወለደበትን ዓመት የማያውቅ? «ጣሊያን ሊወጣ ሲል፣ በማርያም ማግስት» ይሏችኋል። መዝገብ የላቸውም፣ ማርያም አለቻቸው። ቀን ከሌለህ ሰው የሚያውቀውን ቀን ተደግፈህ ታስታውሳለህ። ዳግላስም ያደረገው ይሄንኑ ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚያ ያ ራሱ የመረጠው ቀን የአንድ ሕዝብ ታሪክ ሳምንት ማሰሪያ ሆነ።

ውድሰን ደግሞ ብልጥ ነው። ሁለቱን ቀኖች እሱ አልፈጠራቸውም። ሊንከን ከተገደለ ጀምሮ ጥቁሮች ልደቱን ያስቡ ነበር። ዳግላስ በ1895 ከሞተ በኋላ ደግሞ ሜሪ ቸርች ቴሬል የምትባል መምህርት፣ የዋሽንግተን ትምህርት ቦርድ አባል የነበረች ጥቁር ሴት፣ በ1897 በከተማዋ የጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤቶች ውስጥ የዳግላስ ቀን በፌብሩዋሪ 14 እንዲከበር አደረገች። ማለት አድዋ በሆነ በዓመቱ። ስለዚህ ውድሰን ሲመጣ እሳቱ ተቀጣጥሎ ነበር፤ እሱ እንጨት ጨመረበት። «አዲስ ቀን ልፍጠርና ሕዝቡ ይልመደው» አላለም። ሕዝቡ በራሱ የሚሰበሰብበትን ቀን ያዘና «እንግዲህ ከተሰበሰባችሁ አይቀር ሁለት ሰው ብቻ አታስታውሱ፣ ስማቸው ያልተጻፈውንም ተማሩ» አለ።

እና «አጭሩን ወር ሰጧቸው፣ 28 ቀን ወረወሩላቸው» የምትሉም አላችሁ፤ ይሄም ሌላኛው ተወዳጅ ፖስት ነው። ማን ሰጠ? ሰጪ የለም! ነጭ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወር ያከፋፈለ የለም። ሳምንቱን የመረጠው ጥቁር ነው፣ ያስተማሩት ጥቁር መምህራን ናቸው። ውድሰን ፎቶ፣ የትምህርት ዕቅድ፣ ለልጆች የሚሆን አጭር ተውኔት እያዘጋጀ ለየትምህርት ቤቱ ይልክ ነበር። ሰውየው የሞተው ኤፕሪል 1950 ነው፤ ወር ሆኖ ሳያየው። ሳምንቱን ወደ ወር ያሳደጉት ተማሪዎች ናቸው፤ በኦሃዮ የኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ሐሳቡን አንስተው በ1970 አከበሩት። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት፣ ጄራልድ ፎርድ፣ አፉን ሞልቶ እውቅና የሰጠው በ1976 ነው። ከ1926 እስከ 1976 ቁጠሩ። 50 ዓመት! 50 ዓመት ሙሉ ያለ ዕረፍት ቀን ተከብሯል። መንግሥት የመጣው ሰርጉ ካለቀ በኋላ ነው።

ደግሞ «ዓለም በሙሉ» የሚባለውም ልክ አይደለም። እንግሊዝ የምታከብረው በኦክቶበር ነው። ከጋና ሄዶ ለንደን ውስጥ ይሠራ የነበረ አክያባ አዳይ-ሴቦ የሚባል ሰው በ1987 ሲያስጀምረው ኦክቶበርን የመረጠበት አንዱ ምክንያት እዚያ የትምህርት ዓመት የሚጀመርበት ሰሞን መሆኑ ነው፤ ልጆች ገና ትኩስ ናቸው፣ ደብተሩ ገና ባዶ ነው። አያችሁ? የአሜሪካኖቹ ምክንያት የአሜሪካ ነው፣ የለንደኖቹ የለንደን ነው። እያንዳንዱ ጥቁር ማኅበረሰብ ከራሱ ጓዳ፣ ከራሱ ልጅ የትምህርት ሰዓት ተነስቶ ነው የመረጠው። እኛ ብቻ ነን የሌላ ሰው ወር ውስጥ ስማችንን በሐሰት ለመጻፍ የምንጋፋ።

«እሺ፣ ግን አድዋ የጥቁር ሕዝብ ድል አይደለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ነው እንጂ! እሱን ማን ካደ። የሚያናድደኝ እኮ እውነቱ ከውሸቱ በላይ ትልቅ ሆኖ ሳለ ውሸቱን መምረጣችን ነው። ስሙ፦ አድዋ ማርች 1 ቀን 1896 ሆነ። በዚያው ዓመት ሜይ 18፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሆሜር ፕሌሲን ክስ ጣለና ጥቁርና ነጭ በባቡር ለየብቻ እንዲቀመጡ የሚያስገድደው ሕግ ትክክል ነው ብሎ ፈረደ። ለሚቀጥሉት ሃምሳ ምናምን ዓመታት መለያየት ሕጋዊ ሆነ። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዜና። በአንዱ አህጉር ጥቁር ሰው የአውሮፓን ጦር ሰብሮ ይመልሳል፣ በሌላው አህጉር ጥቁር ሰው የባቡር ወንበር ተከለከለ። የአድዋ ዜና ለእነዚያ ሰዎች ምን ማለት እንደነበር ለመረዳት ይሄን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ይበቃል። ይሄን ለጥፉ! ፎቶ ኤዲት ማድረግም አያስፈልገውም።

ደግሞ ቤኒቶ ሲልቫንን ማን ያውቀዋል? የሃይቲ ሰው ነው። አድዋን ሰምቶ በ1897 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ አፄ ምኒልክን አገኘ። ባሪያዎች ተነስተው ነጻ ያወጧት የሃይቲ ልጅ፣ ቅኝ ግዛትን በጦር የመለሰችውን አገር ሊያይ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ላይ የመጀመሪያው የፓን አፍሪካ ጉባኤ ሲካሄድ በስብሰባው ላይ ተገኝቷል። ዶክተር መላኩ በያንስ? ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ፣ ጣሊያን ሁለተኛ ሲመጣ ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር በ1937 ኒውዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን የመሠረተ የኛ ልጅ። ከቺካጎ ተነስቶ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል የመራው ጥቁር ፓይለት ጆን ሮቢንሰን? ሃዋርድ ላይ የአፍሪካን ታሪክ ሲያስተምር ዕድሜውን የጨረሰው፣ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሸለመው ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ? እነዚህ ሁሉ እያሉን፣ የእውነት ዝምድናው እያለን፣ የሐሰት ዝምድና ፈጥረን ሄደን በራቸውን እናንኳኳለን። ያሳፍራል። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ያንን ፖስት አይቶ ቢፈትሸውና ውሸት ሆኖ ቢያገኘው ሌላውንም አድዋ የሚባለውን ሁሉ እንዴት ያምነናል? ውሸት እንደ እምቦጭ ነው፤ ጣና ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ አበባው ያምራል።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፤ እኔን በጣም የሚቆረቁረኝ እዚህ ያለው ነው። የኛን ቀኖች ማን ነው የሚመርጥልን?

አንድ ምሳሌ ብቻ በደንብ እንይ። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ነው። አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ደግሞ መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። ግን ጃንሆይ ወዲያው አልገቡም፤ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን! ቀኑ የውርደት ቀን ነበር፤ የድል ቀን አድርገው ገለበጡት። ወደዳችሁትም ጠላችሁትም ቀን መምረጥ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ደርግ መጣና «ሚያዝያ 27 የንጉሡ ቀን ነው» ብሎ በዓሉን ወደ መጋቢት 28 ወሰደው። ደርግ ወደቀ፣ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ጫካ የሞተው አርበኛ አንድ ነው፤ ቀኑ ግን ባለሥልጣን በተቀየረ ቁጥር ይሰደዳል። አሁን ሂዱና አንድ የአርበኛ ልጅ ጠይቁ፤ አባትህን በየትኛው ቀን ነው የምታስበው በሉት። ብዙዎቹ በሙት ዓመቱ ወይም በማኅበሩ ቀን ይሏችኋል። የመንግሥቱን ቀን ማመን ትተዋል።

እኛ ደግሞ በኛ ዕድሜ ህዳር 11ን አይተናል። የፓርቲ ልደት! ተማሪ ሆነን ከክፍል ወጥተን አጨብጭበናል፤ ጭብጨባውን አስታውሳለሁ፣ ማን እንደተወለደ ግን ያኔ የነገረኝ መምህር አልነበረም። ዛሬ ፓርቲውም ስሙም የለም፣ ቀኑም አብሮ ሄደ። ሕዝብ ያልመረጠው ቀን ዕድሜው የመራጩ ዕድሜ ነው። የውድሰን ሳምንት ግን ውድሰን ከሞተም በኋላ አደገ።

አድዋስ ቢሆን? በ2015 ዓ.ም የካቲት 23 ምኒልክ አደባባይ ሊያከብር በወጣ ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። በዓሉ የት ይከበር፣ ማን ያክብረው፣ የማን ፎቶ ይያዝ የሚለው ነው ክርክሩ። በዓመቱ ፒያሳ ላይ ትልቁ መታሰቢያ ተመረቀ፤ ደግ፣ ሕንጻው ያምራል። ግን ሕንጻ ተሠራ ተብሎ ክርክሩ አላለቀም፣ የቆላ ድባ ልጅም ፒያሳ ሄዶ አያየውም፤ ለትራንስፖርት የሚሆን ከየት አምጥቶ?

እስኪ ቀኑን ራሱን እንየው። ያ የካቲት 23 እሁድ ነበር። ወር በገባ በ23 ደግሞ ጊዮርጊስ ነው። አባቶቻችን አድዋን ሲያስታውሱ ጊዮርጊስን አብረው የሚጠሩት ለዚህ ነው። ካሌንደር ላይ ቀይ ሆኖ ሳይታተም በፊት ቀኑን የያዘው ሰው በየወሩ ጽዋ የሚጠጣበት፣ ዳቦ የሚቆረስበት ቀን መሆኑ ነው። ውድሰን በ1926 የተጠቀመበትን ብልሃት የኛ ገበሬ ማንም ሳይነግረው አውቆታል፦ የሚታወስ ነገር ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ላይ እሰረው። እና ይሄ እያለን አድዋን አንድ ቀን ቲሸርት ለብሶ ፈረስ ላይ ፎቶ መነሳት አደረግነው። ቲሸርቱን አልጠላሁም፣ እኔም አለኝ። ግን የካቲት 24 ጠዋት ስለ አድዋ ከየካቲት 22 ማታ የበለጠ የምናውቀው ምንድን ነው?

የካቲት 12ማ ይባስ። በ1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው እንደ ከብት ታረደ፣ ቤት ከነሰው ተቃጠለ። መንግሥታችን ሲጠራው የኖረው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ዛሬ በዚያ ቀን ስድስት ኪሎ ላይ አበባ ይቀመጣል፣ ቢሮ አይዘጋም፣ ክፍል አይቋረጥም፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ልጅ ብዙው የካቲት 12ን የሚያውቀው በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ስምነት ነው። ይሄኛው ደግሞ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 19 ላይ የዋለ ነበር፤ በእርግጥ ፌብሩዋሪ ውስጥ ያለው የካቲት 12 ነው። ፖስት አድራጊዎቻችን ግን ድሉን እንጂ ሙታኑን መለጠፍ አይወዱም። ሙት ላይክ አያመጣም።

አሁን ቆላ ድባ። «እኛ ምን አለን?» ለምትሉ። ጥር 1880 ዓ.ም፣ ሳር ውኃ። ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? እዚሁ ደንቢያ ሜዳ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የማህዲስቶቹን ጦር፣ አቡ አንጃን፣ ገጠሙ። ተሸነፉ። ብዙ ሰው አለቀ፣ ብዙው ተማርኮ ወደ ሱዳን ተነዳ፣ ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በዓመቱ አፄ ዮሐንስ ራሳቸው መተማ ላይ ወደቁ። እና ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1888፣ ያ ሳር ውኃ ላይ የተሸነፈው ንጉሥ ጦሩን ይዞ አድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ተሰልፏል! በዚህ ሜዳ ላይ የተዋረደ ሰው እዚያ ተራራ ላይ አሸናፊ ሆነ። እኛ ጤፍ የምንዘራበት፣ ሽምብራ የምናጭድበት መሬት የአድዋ መንገድ አንዱ ቁራጭ ነው። አንድም ሐውልት የለውም እሺ፤ አንድ ፖስት እንኳ የለውም! የኪንግንና የምኒልክን ፎቶ መለጠፍ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሳር ውኃ ላይ ከአያቱ የሰማ ሽማግሌ ፈልጎ ማናገር ግን አንድ ቀን ይፈጃል። ልዩነቱ ይሄው ነው።

አንዳንዱ «ሽንፈት ምን ይከበራል» ይለኛል። ውድሰን የባርነትን ታሪክ ነው ያስተማረው ወንድሜ፣ ከሽንፈት የባሰ። ደግሞ እናንተ «ድል ብቻ» የምትሉ፣ ከሳር ውኃ ውጭ አድዋን አስረዱኝ እስኪ። ያ ትውልድ ከየት ተነስቶ እዚያ እንደደረሰ ካልተነገረው፣ ልጁ አድዋን ከሰማይ የወረደ ነገር ያደርገዋል፤ ከሰማይ የወረደ ነገር ደግሞ ለመድገም አይሞከርም።

እና የምፈራው ምንድን ነው? በክልላችን በጦርነቱ የተነሳ ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ልጅ ብዙ ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ክፍል ያልገባ ልጅ በየቤታችሁ አለ። ለዚህ ልጅ የታሪክ መምህሩ ማነው? ስልክ ነው። ያ ፖስት ነው። «ዓለም ፌብሩዋሪን ለአድዋ ሰጠን» የሚለውን አንብቦ ያድጋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ውሸት መሆኑን ሲያውቅ አድዋንም አብሮ ይጥላል። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በየሳምንቱ እየሸኘናቸው ነው፤ የያዙትን ይዘው እየሄዱ ነው። ልጁ ከዚህ፣ አያቱ ከዚያ፣ መሃል ላይ ደግሞ ዲግሪ ይዘን ቤት የተቀመጥን እኛ። ሥራ የለንም እንጂ ጊዜ እንደሆነ ሞልቶናል። እኔ ራሴ ከተመረቅሁ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብ ከምውል አንድ አባት ሳናግር ብውል ምን እጎዳለሁ? ውድሰንም መጀመሪያ የያዘው ደብተርና ሰው ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ከየካቲት 12 እስከ የካቲት 23 ቁጠሩ፤ ሁለቱንም ጨምራችሁ 12 ቀን ነው። አንዱ ጫፍ ሰማዕታት፣ ሌላው ጫፍ ድል። ማንም አልሰጠንም፣ ማንንም አንለምንም፣ ሕዝባችን ሁለቱንም ቀን ድሮ ያውቃቸዋል። በእነዚህ 12 ቀኖች ይህ ገጽ ዲዛይን የተደረገ የጀግና ፎቶ አይለጥፍም። የሚለጥፈው እናንተ የምትልኩትን ነው፤ ከየመንደሩ አንድ ታሪክ። ከጎርጎራ፣ ከጯሂት፣ ከአይምባ፣ ከደልጊ፣ ከባሕር ዳርም ከዘጌም። ጊዮርጊስ ማኅበር ላይ ከሚቀመጡት አባቶች ጠይቁ፣ መስጊድ በር ጥላ ስር ከሚቀመጡት አባቶችም ጠይቁ፣ ቡና የሚያፈሉትን እናቶች ደግሞ አትርሱ፤ ወንዶቹ ማን ማንን እንደገደለ ሲነግሯችሁ እናቶቹ ያን ዓመት ምን እንደተበላ ይነግሯችኋል።

አጠያየቁን እነሆ። አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ድምፅ ቅዱ። ስማቸውን ካልፈለጉ አትጻፉ። «ከማን ሰማህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አያታቸው ከነገሯቸው አያታቸው በሉ፣ ከሬዲዮ ከሰሙትም ከሬዲዮ በሉ። ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከነገራችሁ ሁለቱንም ጻፉ፤ አስታርቃችሁ አታሳምሩት። ዓመቱን ካላወቁት ዓመት አትስጧቸው፣ «በእንትና ዘመን፣ በማርያም ማግስት» እንዳሉት ተዉት። ቋንቋቸውን አታርሙ። ከድምፁ ላይ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ያቃተው ድምፁን ብቻ ይላክልን፤ እዚህ ሥራ ፈት ሞልቷል፣ እንገለብጥላችኋለን።

የየካቲት 12ቱን ፖስት እኔ እጀምራለሁ፤ ሳር ውኃን ይዤ። 11 ቀን ይቀራል። ኢንቦክስ ክፍት ነው።